ከዱባይ የመጣው እንክብል

ታናሽ እህቴ መጋቢት ላይ ከዱባይ ስትመጣ፣ ከሽቶው ጋር አንድ አረንጓዴ ብልቃጥ ይዛልኝ መጣች። «ለጉበትሽ ነው፣ ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ እንክብል ነው» አለችኝ። ጥር ላይ በአልትራሳውንድ ጉበቴ ስብ ይዟል መባሉን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

ብልቃጡን ለሐኪሜ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ ጽሑፉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበ። በአንዱ እንክብል 400 ሚሊግራም ኢጂሲጂ፣ በቀን ሁለት። «እህቴ፣ ይሄን አትጀምሪው» አለኝ።

ኢጂሲጂ አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካሉት ካቴኪን ከሚባሉት ውህዶች ዋናው ነው። በእንስሳት ላይ ሲሞከር የጉበት ስብን ቀንሷል። ነገር ግን የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ያወጣው ግምገማ ሌላም ነገር ይላል። በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ኢንዛይም (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው ነገር) ከፍ ሲል ታይቷል። የእኔ ሁለት እንክብል ልክ 800 ነው! በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል። እኔ ያኔ ሁዳዴን ይዤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም ነበር። ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

ሻዩን ራሱን ግን አልከለከለኝም። ውሃው ፈልቶ ትንሽ በረድ ሲል ቅጠሉን ጨምሬ ሦስት ደቂቃ እተወዋለሁ። የገለባ መልክ ይይዛል፤ መረር ይላል። ስኳር አልነካውም። እቤታችን የሚፈላው በቀረፋና በቅርንፉድ የሚጠጣው ሻይም ከዚያው ተክል ነው፤ ቅጠሉ እየተብላላ ሲጠቁር ካቴኪኑ ይቀንሳል እንጂ። የእኔ ጣጣ ግን በየስኒው የማደርገው ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር። ደግሞ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ሻይ የምስሩንና የጎመኑን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ሐኪሜ አጥብቆ የያዘኝ በክብደቴ ነው። ከ7 እስከ 10 በመቶ ከቀነስኩ የጉበት ቁጣውም ጭምር ሊሻለው እንደሚችል ነገረኝ። 82 ኪሎ ነበርኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤቴ ተነስቼ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ አሞራ ገደል በእግሬ እሄዳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ እደርሳለሁ፤ ትንሽ ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ። አሁን 78 ገብቻለሁ።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ እንክብል የምትወስዱ ካላችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ለሐኪም አሳዩ። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» አትበሉ፤ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ሰኔ ላይ ደግሜ አልትራሳውንድ እነሳለሁ።