ጥርስ ብሩሹ ላይ ያለችው መብራት ምን ትሠራለች?

ሰሞኑን የጥርስ ብሩሽ ማስታወቂያ መብራት በመብራት ሆኗል። ሰማያዊ የሚያበራ አለ፣ ቀይ የሚያበራ አለ፣ ሁለቱንም የሚያፈራርቅ አለ፣ ማስቀመጫ ሳጥኑ ውስጥ ሐምራዊ የሚበራም አለ። ተስፋውማ አይጣል ነው። ባክቴሪያ ይገድላል፣ ጥርስ ያነጣል፣ ድድ ያድናል። ታናሽ እህቴ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ትልክልኝና «ይሄስ? ልግዛው?» ትለኛለች። ለእሷ በየጊዜው ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አንዴ ጠቅልዬ ልጻፈው አልኩ።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብርሃን በባክቴሪያ ላይ ኃይል አለው፣ ይሄ ተረት አይደለም። ጥርስ ብሩሽ ላይ ሲገጠም ግን የሚጠቅመን ሲገድልልን ሳይሆን ሲያሳየን ነው።

መጀመሪያ ለብርሃን የሚገባውን እንስጠው። እ.ኤ.አ. በ1877 ዳውንስ እና ብላንት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያ እንዳይራባ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1900 አካባቢ ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የሚባል የሕክምና ተማሪ አንድ ለየት ያለ ነገር አስተዋለ፤ ቀለም የተጨመረባቸው ጥቃቅን ነፍሳት ብርሃን ሲያገኛቸው ይሞታሉ፣ ያው ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲሆን ግን ያን ያህል አይጎዳቸውም። በ1903 ደግሞ ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ ኖቤል ወሰደ። ስለዚህ ሐሳቡ ትናንት በነጋዴ የተፈበረከ አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የሰማያዊዋ መብራት ነገር እንዲህ ነው። ድድ ከሚያስቆጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው፣ ሰውነታቸው ውስጥ ፖርፊሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያጠራቅማሉ። ፖርፊሪን 405 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው፣ ቀለሙን የሚወስነው እሱ ነው) አካባቢ ያለውን ሐምራዊና ሰማያዊ ብርሃን እንደ ጉድ ይስባል። ብርሃኑን ሲስብ አጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ቁጡ ያደርገዋል፣ ያ የተቆጣ ኦክስጅን ደግሞ ባክቴሪያውን ከውስጥ ይጎዳዋል። መድኃኒት የለም፣ ቀለም መጨመር የለም፣ ባክቴሪያው በራሱ ዕቃ ነው የሚጠቃው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሄ በደንብ ይሠራል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው «ወይ ብልሃት!» ነው ያልኩት።

ግን ቤተ ሙከራ ሌላ፣ አፍ ሌላ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሚመከረው የመቦረሽ ጊዜ 2 ደቂቃ ነው፣ 120 ሰከንድ ማለት ነው። የጥበብ ጥርስ ሳይቆጠር 28 ጥርስ አለ። ሲካፈል ለአንድ ጥርስ 4 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ያቺም 4 ሰከንድ ለውጪው፣ ለውስጡና ለማኘኪያው ገጽ ትከፋፈላለች። የብሩሹ መብራት በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋት ይሰጣል ብንል፣ በ4 ሰከንድ የሚደርሰው 40 ሚሊጁል ነው። ባክቴሪያ ለመግደል በሚደረጉ ሙከራዎች የሚሰጠው መጠን ግን አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሴንቲሜትር ጥቂት ጁል፣ አንዳንዴም ብዙ አሥር ጁል ነው። 1 ጁል 1000 ሚሊጁል ነው፣ ቀሪውን እናንተ አስቡት። መብራቷን በጣም ብታጠነክሯት እንኳ ልዩነቱ በቀላሉ የሚሞላ አይደለም፣ ምክንያቱም ብሩሽ ሥራው መንቀሳቀስ ነው፣ ብርሃን ደግሞ እንዲሠራ አንድ ቦታ ቆም ማለት ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ዕቃ ላይ ማሰር ራሱ ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

አረፋውንም አትርሱ። ብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ነጭ የሚሆኑት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ስላለባቸው ነው። ይሄ ዱቄት ለነጭ ቀለምም፣ ለፀሐይ መከላከያ ክሬምም የሚመረጠው ብርሃን ስለሚበትንና ስለሚመልስ ነው። በአንድ በኩል መብራት ታበራላችሁ፣ በሌላ በኩል ብርሃን የሚመልስ ነጭ አረፋ መሀል ታስገባላችሁ። አምራቾች ይሄን ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ አረፋ የማያወጣና ብርሃን የሚያሳልፍ ጄል አብረው ይሸጣሉ። ጄሉ ፍሎራይድ ከሌለው ደግሞ ከናካቴው ኪሳራ ነው፤ ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚከላከለው በደንብ የተረጋገጠው ነገር ፍሎራይድ ነው፣ 1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1000 እጅ) እና ከዚያ በላይ ያለበት ሳሙና። ለመብራት ተብሎ ፍሎራይድ መተው ሞኝነት ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የቦታው ጉዳይ ነው። ለሰማያዊ ብርሃን የሚሸነፉት እነዚያ ክፉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አይወዱም። ስለዚህ መኖሪያቸው ከድድ በታች፣ በድድና በጥርስ መሀል ባለው ኪስ ውስጥ ነው። ጤነኛ ድድ ላይ ይሄ ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፣ ድድ ሲታመም 4፣ 5፣ ከዚያም በላይ ይወርዳል። ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ የሚሄደው በጣም ትንሽ ነው፣ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሄድ ነው። በግልጽ የሚታየው የጥርስ ገጽ ላይ ተመቻችቶ ጥርስ የሚቦረቡረው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ደግሞ ፖርፊሪን በማጠራቀም አይታወቅም፣ ለብቻው በሰማያዊ ብርሃን እንደነዚያ አይጎዳም። ብርሃኑ የሚደርስበት ቦታ ያለው አይሞትም፣ የሚሞተው ያለበት ቦታ ብርሃኑ አይደርስም። ሐኪሞች ይሄን ችግር የሚያልፉት ቀጭን የብርሃን ገመድ ኪሱ ውስጥ አስገብተው፣ ብርሃን የሚስብ ቀለምም ጨምረው ነው፣ ያም ቢሆን ሐኪሙ ከሚያደርገው ደንበኛ የጥርስና የድድ ጽዳት ጋር እንጂ በእሱ ፈንታ አይደለም።

ስለ ማንጣት ደግሞ በአጭሩ። ጥርስ የሚያነጣው ፐሮክሳይድ የሚባለው ኬሚካል ነው፣ መብራት አይደለም። መብራቱ ፐሮክሳይዱን ያፈጥነዋል ወይስ አያፈጥነውም በሚለው ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሲከራከሩ ኖረዋል። ብሩሹ ላይ ጭራሽ ፐሮክሳይድ ከሌለ ሰማያዊ መብራት ለብቻው ምን እንዲያደርግ ነው የሚጠበቀው? ሁለት ነገሮች ግን ሰውን ያታልላሉ። አንዱ መስታወቱ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ቢጫን ስለሚሸፍን መብራቷ በርታ እያለ ፈገግ ብትሉ ጥርሳችሁ ነጭ ይመስላል። አጥፉትና እዩት። ሌላው የጥርስ ሐኪም ጋ የምናያት ሰማያዊ መብራት ናት። ሰው «ሐኪሙም ይሄንኑ ነው የሚጠቀመው» ይላል። አዎ፣ ግን ሐኪሙ የሚጠቀመው የተቦረቦረ ጥርስ የሞላበትን ሙሌት ለማድረቅ ነው። ሙሌቱ ውስጥ ካምፎርኩዊኖን የሚባል ነገር አለ፣ 470 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ሲያገኘው ለስላሳው ሙሌት በሰከንዶች ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከማንጣትም ከጀርም ጋርም ግንኙነት የለውም።

ቀይዋ መብራት የተሻለ ታሪክ አላት። በ1960ዎቹ ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የሚባል ሐኪም የተላጩ አይጦች ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበራ ፀጉራቸው ቶሎ መብቀሉን አየ። ከዚያ ወዲህ ቀይና ለዓይን የማይታይ ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ሴሎች ኃይል በሚያመርቱበት ክፍል ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ብዙ ተጠንቷል። የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው እንዳይቆስል በተወሰኑ ሁኔታዎች ይመከራል፣ ይሄ የ2020 ዓለም አቀፍ መመሪያ ውስጥም ገብቷል። እዚያ ግን መጠኑ ተለክቶ፣ ቦታው ተለይቶ፣ ባለሙያ ቆሞበት ነው። ብሩሽ ላይ ሲመጣ ያው የ4 ሰከንዱ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ከብሩሽ ይልቅ በጥርስ ተነክሶ አፍ ውስጥ ለደቂቃዎች የሚያዘው፣ የማይንቀሳቀሰው ዓይነት መሣሪያ ቢያንስ በአሠራሩ የተሻለ ስሜት ይሰጣል።

ማስቀመጫ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት የሚባለው ብርሃን ብዙ አያከራክርም። ይገድላል። ግን ብርሃን ነውና ጥላ አለው፣ የብሩሽ ፀጉር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከኋላ ያለው አይነካም። ደግሞስ ብሩሻችሁን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ አቁማችሁ፣ አየር ላይ ብታደርቁት ለጤነኛ ሰው ይበቃል። አየር የማያስገባ ክዳን ውስጥ እርጥቡን መክተት ነው መጥፎው። ሳጥኑን ከገዛችሁ ግን ክዳኑ ሲከፈት በራሱ የሚጠፋ መሆኑን አረጋግጡ፣ ያ ብርሃን ዓይን ላይ አይቀልድም።

አሁን ወደምወዳቸው መብራቶች ልምጣ።

እኔ የምጠቀምበት ብሩሽ አንገቱ ላይ ቀለበት የመሰለች መብራት አለችው። አጥብቄ ስጫን ቀይ ትሆናለች። በቃ ይኼው ነው ሥራዋ። ጀርም አትገድልም፣ ጥርስ አታነጣም። ግን ወደ ቀኙ የላይኛው ክራንቻ ስደርስ፣ ሁልጊዜ እዚያው ጋ፣ እጄ ሳይታወቀኝ ይከብዳል፣ ወዲያው ትቀላለች። ላላ ሳደርገው ትጠፋለች። ጠንክሮ መቦረሽ ንጽሕና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ድድ ወደ ላይ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ሲጋለጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነዝር ነው ነገሩ የሚገባው። የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። ይሄን የምታስቀር አንዲት ተራ መብራት ለእኔ ከሰማያዊው ሁሉ ትበልጣለች። 2 ደቂቃ እስኪሞላ ብልጭ ድርግም የምትለው የልጆች ብሩሽ መብራትም እንደዚሁ ናት። ልጅ «2 ደቂቃ ቦርሽ» ቢሉት አይሰማም፣ «መብራቷ እስክትጠፋ» ቢሉት ግን ጨዋታ ይሆንለታል።

ሌላው ደግሞ ያው 405 ናኖሜትር ብርሃን ነው፣ ግን በሌላ ሥራ። ቅድም ያልናቸው ፖርፊሪኖች ይሄን ብርሃን ሲስቡ መልሰው ቀይ ያበራሉ። አንዴ የጥርስ ሐኪሜ በዚህ ብርሃን የሚሠራ ካሜራ አፌ ውስጥ አስገብታ ስክሪኑ ላይ አሳየችኝ። ንጹሑ ጥርስ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ይታያል። የታችኛው የፊት ጥርሶቼ ከውስጥ በኩል፣ ምላስ በሚነካቸው ጎን፣ ከድዱ ጠርዝ ጋር የተያያዘ ብርቱካናማ መስመር ነበረ። በጠዋት ቦርሼ ነው የሄድኩት! ያ መስመር የቆየ ፕላክ፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚለጠፍ የባክቴሪያ ሽፋን ነው፣ ሁልጊዜ ሳልቦርሸው የማልፈው ቦታ ማለት ነው። የምራቅ ቀዳዳዎች እዚያው ስለሚከፈቱ ፕላኩ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፣ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ በብሩሽ አይለቅም። ማንም ሰው «ከውስጥም ቦርሺ» ቢለኝ እሺ ብዬ እረሳው ነበር፣ ያቺ ብርቱካናማ መስመር ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም። ብሩሽ ሠሪዎች ሰማያዊውን መብራት ለመግደል ከሚያስገቡ እንዲህ ለማሳየት ቢያስገቡት የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ። እስከዚያው ድረስ ፕላክን የሚያቀልመው የሚታኘክ ክኒን ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ፖርፊሪያ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው ከእነዚህ ሰማያዊ መብራቶች ይራቅ፣ ፖርፊሪን የሚጠራቀመው በእሱም ሰውነት ውስጥ ነውና። ሰውነትን በብርሃን ቶሎ እንዲቆጣ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ ደግሞ ሻጩን ሁለት ቁጥር ጠይቁት፤ ስንት ናኖሜትር ነው፣ በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ሚሊዋት ይሰጣል። ከዚያ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ በእሱ ቁጥር ሥሩት። ቁጥሩን ካላወቀው ወይም «ልዩ ቴክኖሎጂ» ብቻ እያለ ከደጋገመ መብራቷን እንደሌለች ቁጠሯትና የቀረውን ብሩሽ መዝኑት። ፀጉሩ ለስላሳ ነው? ስትጫኑት ይነግራችኋል? መለዋወጫ ጭንቅላቱ ለብቻው ይገኛል? በየ3 ወይም 4 ወሩ መቀየር አለበትና ይሄኛው ጥያቄ ከመብራቷ ይልቅ ያስፈልጋችኋል።