የማዘርቦርዱ ኔትወርክ ፖርት ሲያስቸግር፦ ከኬብሉ እስከ ስሙ

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ፖርቱ ሲንቀራፈፍ ወይም ሲቆራረጥ ወደ ድራይቨር (የኔትወርክ ቺፑን ወደሚያሠራው ሶፍትዌር) ከመሮጥ በፊት ኬብሉን ቀይሩ፤ ከዚያ የስዊቹን (ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን) ቀዳዳ። ቀጥሎ ተርሚናል ላይ የፖርቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ኢትቱል (ethtool) ከፖርቱ ስም ጋር እዘዙ። ፍጥነቱ 1000 ሜጋቢት (ጊጋቢት) መሆን ሲገባው 100 ካለ የሽቦ ችግር ጠርጥሩ። ጊጋቢት 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን ሽቦ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እና 6 ይበቁታል። ስለዚህ ከቀሩት አንዱ ቢቆረጥ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ ይወርዳል እንጂ።

በደህና ኬብልም 100 ላይ ከቆመ የፖርቱን ውስጥ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። 8ቱ ወርቃማ ጥርሶች እኩል ተሰልፈው መታየት አለባቸው። አንዱ ጎረቤቱ ላይ ተጋድሞ ወይም ወደ ውስጥ ሰምጦ ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው። በቀጭን መርፌ ይቃናል፤ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ብቻ።

የኔትወርክ ቺፑ የተገጠሙ ክፍሎችን በሚያሳየው የኤልኤስፒሲአይ (lspci) ትእዛዝ ዝርዝር ጭራሽ ከሌለስ? ድራይቨር መጫን ከንቱ ድካም ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ቅንብር) ውስጥ ተዘግቶ እንዳይሆን አረጋግጡ። ካልተዘጋ የኃይል ገመዱን ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ኮምፒውተሩን በኔትወርክ መቀስቀስ እንዲቻል ቺፑ ማሽኑ ጠፍቶም ኃይል ያገኛል፤ የደነዘዘ ቺፕ በሪስታርት የማይነቃው ለዚህ ነው። (ሪስታርት የሁሉ መድኃኒት ነው ለሚሉ!)

ቺፑ እየታየ፣ ድራይቨሩም ተጭኖ፣ በየትኛውም ኬብል መብራቱ ካልበራ ፖርቱን ተዉት። ዩኤስቢ 3 አዳፕተር ወይም ትንሿ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ላይ የሚሰካ ካርድ ይተካዋል። ዩኤስቢ 2 ጣሪያው 480 ሜጋቢት ስለሆነ ለጊጋቢት አይሆንም።

እውነተኛው ራስ ምታት ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ ካርድ ሲገባ የፖርቱ ስም የሚወጣባቸው የፒሲአይ ቁጥሮች ሊሸጋሸጉ ስለሚችሉ ትናንት ኢኤንፒ3ኤስ0 (enp3s0) የነበረው ዛሬ ኢኤንፒ4ኤስ0 (enp4s0) ሊባል ይችላል። የኔትወርክ ቅንብሩ በድሮው ስም ተጽፎ ከቀረ ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ አድራሻ አያገኝም። መፍትሔው በስም ሳይሆን በማክ አድራሻ (ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ) ማያያዝ ነው። ራውተሩ ላይ ለድሮው ማክ የተያዘ አይፒ ካለም ወደ አዲሱ አዙሩት።

የሞተው ፖርት ቅንብር ውስጥ ከቀረ፣ ሲስተምዲ ኔትወርክዲ (systemd-networkd፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድር አገልግሎት) በሚሠራበት ማሽን ላይ ማስነሻው እሱን ሲጠብቅ 2 ደቂቃ ሊገተር ይችላል። መስመሩን ከቅንብሩ አውጡት፤ ቅንብሩ የተጻፈው በኔትፕላን (netplan) ከሆነ «ኦፕሽናል» (optional) የሚለውን «ትሩ» (true) አድርጉት።

የተበላሸውን ፖርት ባዮስ ውስጥ መዝጋት ከሁሉ ይሻላል። ባዮሱ ካልፈቀደ ድራይቨሩን ለማገድ አትቸኩሉ፦ አሮጌው ቺፕም አዲሱም ካርድ ሪልቴክ ከሆኑ ሁለቱም በአንድ አር8169 ድራይቨር ሊነዱ ስለሚችሉ እገዳው ደህናውንም ይዞት ይሄዳል። ይልቅ ቺፑን በፒሲአይ አድራሻው ለይታችሁ፣ ሲስ (/sys) በሚባለው ማውጫ ሥር በራሱ አቃፊ ያለው «ሪሙቭ» (remove) ፋይል ላይ 1 ጻፉበት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ስለሚመለስ ትእዛዙን በማስነሻ አገልግሎት ውስጥ አስገቡት፤ ካርድ በጨመራችሁ ቁጥርም አድራሻው እንዳልተቀየረ እዩ።