«ሙከራ» ማለት ፈርቼ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርግዝና የለመድኩት ነው። ያን ቀን ግን የተጠራሁት አንድ አባት ለፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ ነው) መድኃኒት ሙከራ የስምምነት ቅጽ ሊፈርሙ ስለነበር ነው።

አባባ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዳያይባቸው ጭናቸው ሥር ይዘውታል። ነርሷ ማንበብ ስትጀምር «ሙከራ» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ መጣች፣ ዋጥኳት። መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው ብለው ተነስተው የሚሄዱ መሰለኝ። «አዲስ መድኃኒት አለ፣ እየተጠና ነው» አልኳቸው። ፕላሴቦ፣ ማለትም ባዶ ክኒን፣ የሚለውንም «ሌላ ክኒን» ብዬ አለፍኩት።

ነርሷ ጎበዝ ናት። ሳታስፈርም የገባቸውን ራሳቸው እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ፊታቸው በራ። «አዲሱን መድኃኒት ትሰጡኛላችሁ፣ እድናለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ደነገጥኩ። በእኛ ሥራ አስተርጓሚ ስለራሱ ሲናገር እንኳ «እኔ» አይልም። «አስተርጓሚዋ ተሳስታለች፣ ማረም ትፈልጋለች» አልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ።

እንደገና ሀ ብለን ጀመርን። ይሄ ሙከራ ነው። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ገና አይታወቅም። ግማሹ ሰው እውነተኛውን ይወስዳል፣ ግማሹ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን። በዕጣ ነው የሚመደበው፣ ለማን የቱ እንደደረሰው ሐኪሙም አያውቅም።

አባባ ተቆጡ። «ለታመመ ሰው ባዶ ክኒን ይሰጣል እንዴ?»

ነርሷ ጊዜ ሰጥታ አስረዳች። በፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚባለውን፣ ሰውነት እንደልብ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ኬሚካል የሚያመርቱት የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ይሄዳሉ፣ የሚገርመው ግን ይሻለኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ብቻውን አንጎል ዶፓሚን እንዲለቅ ያደርጋል፤ ቫንኩቨር ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን በአንጎል ምስል አሳይተዋል። ስለዚህ ሰው ተሻለኝ ስላለ ብቻ መድኃኒቱ ሠራ አይባልም፣ ማወዳደሪያ ያስፈልጋል።

የሚወስዱትን መደበኛ የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ሌቮዶፓን፣ አያቋርጡም። ለአንዳንድ ምርመራ ግን ከማታ ጀምሮ 12 ሰዓት ያህል ሳይወስዱት መምጣት አለባቸው። እኔ ይህችንም «ጠዋት መድኃኒቱን ሳይውጡ ይምጡ» ብዬ ነበር በአጭሩ ያለፍኳት። ለእሳቸው ግን ያ ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የማይቆለፍበት ጠዋት ነው። «ልጄ ሥራ የምትገባው በሌሊት ነው፣ ማን ያለብሰኛል?» አሉ።

በፈለጉ ጊዜ መተው ይችላሉ ሲባሉ ደግሞ ዝም አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጀምሬ ብተወው ሐኪሜ አይቀየመኝም?» አሉ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፣ ሰውን ከበሽታው በላይ ያስጨንቃል። ነርሷ መደበኛ ሕክምናቸው እንደማይነካ ነገረቻቸው። እኔም ምንም ሳላለዝብ፣ ቃል በቃል አስተረጎምኩ።

አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ቅጹን ቀደም ብለው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። የሚከብደኝን ቃል ቤቴ ሆኜ ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ።

አባባ ያን ቀን አልፈረሙም። ከልጄ ጋር ላንብበው ብለው ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ሙከራ ነው ብትይኝ እኮ አልሸሽም ነበር።»