ገና ሳይመጣ ሆም ረን የመታው ልጅ

አሜሪካ የመጣ ሰው ሥራ አይመርጥም ይባላል። እኔም አልመረጥኩም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትንሽ የስፖርት መረጃ ቢሮ የሌሊት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉኝ፣ ኤክሴል እችላለሁ ብዬ ገባሁ። ቤዝቦልን ግን ቻናል ስቀያይር ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም። ቢሮው ደግሞ የሚሠራው ሁሉም ሰው በሚያውቀው ቤዝቦል ላይ አልነበረም። ሥራው ታች ነው፤ ማይነር ሊግ የሚሉት ጋ።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። በእግር ኳስ የለመድነው ጎበዝ ልጅ በ17 ዓመቱ ዋናው ቡድን ገብቶ ጉድ ሲሠራ ማየት ነው። ቤዝቦል ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ብርቅ ነው። ልጁ በሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ወደ ታች ይላካል። እያንዳንዱ ትልቅ ቡድን በተለያዩ ከተሞች ልጆቹን የሚያሳድግባቸው ቡድኖች አሉት፤ ልጁ ከአንዱ ወደ አንዱ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በ2018 የዋሽንግተን ናሽናልስ ሰንሰለት ከላይ ሲራኪውስ፣ ቀጥሎ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ እዚሁ ቨርጂኒያ ውድብሪጅ ይጫወት የነበረው ፖቶማክ፣ ከዚያ ሜሪላንድ የነበረው ሄገርስታውን፣ ከዚያ ኦበርን ነበር። ከሁሉም ሥር ደግሞ ፍሎሪዳና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያሉት የጀማሪዎች ቡድኖች አሉ። ውድብሪጅና አካባቢው ስንት ሐበሻ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። የነገ ሚሊየነሮች ያኔ እዚያው ሠፈር በትንሽ ደመወዝ ሲጫወቱ ያመሹ እንደነበር የሚያውቅ ግን አንድም አላጋጠመኝም።

የእኔ ሥራ የእነዚህን ቡድኖች የማታ ውጤት ሰብስቦ፣ ተስፋ የተጣለባቸውን ልጆች አንድ በአንድ በሰንጠረዥ አስገብቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ማድረስ ነው። ማን ተጫወተ፣ ስንት መታ፣ ስንቴ ሳይመታ ወጣ፣ ማን ወደ ላይ ወጣ፣ ማን ወረደ። ደንበኞቻችን አንዳንዶቹ በወረቀት ቡድን ሠርተው እርስ በርስ የሚወራረዱ ናቸው። ሌሎቹ የልጆቹን ፎቶ የያዘ ካርድ እየገዙ፣ ልጁ ነገ ትልቅ ሰው ሲሆን በብዙ እጥፍ የሚሸጡ ናቸው። ለእነሱ ሰንጠረዡ የአክሲዮን ገበያ ማለት ነው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ካልመታ ስልካችን አያርፍም።

ቢሮው ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪናቸውን እየነዱ ከከተማ ከተማ ተጫዋች ሲመለምሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ሪፖርቱን ያያሉ። ቤዝቦልን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ትምህርታቸው፣ "የመታውን ተወውና ዕድሜውን እይ" የሚል ነበር። ሃሪስበርግ ባለበት ደረጃ የሚጫወቱት ብዙዎቹ 23 እና 24 ዓመት ናቸው። እዚያ መሀል አንድ የ19 ዓመት ልጅ መካከለኛ ውጤት ካመጣ፣ ከላይ ሆኖ ከሚያብረቀርቀው የ25 ዓመት ተጫዋች የበለጠ ዓይንህን ሊስበው ይገባል፤ ሌላው ቁጥር ሁሉ የሚነበበው ከዕድሜው ጋር ነው አሉኝ።

ማስረጃቸው ደግሞ ከዚሁ ከዋሽንግተን ነው። ቡድኑ በ2006 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ 16 ዓመቱ ነው የተባለ ልጅ በ1.4 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ልጁ በ2008 ፍሎሪዳ በሚካሄደው የጀማሪዎች ሊግ በመምታት አንደኛ ወጣ። ሁሉም ሰው ተደሰተ። በ2009 መጀመሪያ ላይ ግን ስሙም ዕድሜውም የራሱ እንዳልሆነ ታወቀ። ከተባለው በአራት ዓመት ይበልጥ ነበር። ለካ ጎልማሳው ሰውዬ ሕፃናት ላይ ነበር የሚፎክረው! የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅም በዚያው ሰሞን ሥራቸውን ለቀቁ። ይሄን ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ ለምን እንደበዛ አስረድቼ እስክጨርስ ቡናቸው ቀዘቀዘ።

ወደ 2018 ልመለስ። ያኔ ሰንጠረዣችን ላይ ሁዋን ሶቶ የሚባል ዶሚኒካናዊ ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት ጉዳት እያሰናከለው ብዙም አልተጫወተም። 2018 ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሄገርስታውን 16 ጨዋታ ተጫውቶ 5 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መታ። ፖቶማክ ወሰዱት፤ 15 ጨዋታ፣ 7 ሆም ረን። ሃሪስበርግ ወሰዱት፤ 8 ጨዋታ፣ 2 ሆም ረን። ሌላው ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት የሚፈጅበትን መንገድ እሱ በአንድ ጸደይ ጨረሰው። የቡድን ስሙን በሰንጠረዡ ላይ ቀይሬ ሳልጨርስ እንደገና ያስቀይረኛል። ሜይ 19 ሃዊ ኬንድሪክ የሚባለው የዋናው ቡድን ተጫዋች የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። በማግስቱ ሜይ 20 ሶቶ በ19 ዓመቱ ለዋሽንግተን ተሰለፈ። ያን ቀን አንዴ ቀርቦ ሳይመታ ተመለሰ። በነጋታው የመጀመሪያዋን ኳስ ከሜዳ አስወጣት።

ወደ ላይ የወጡትን ልጆች እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንከታተላቸዋለን። ስለዚህ ሶቶ ከሰንጠረዡ አልወጣም። ጉዱ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጁን 19 ሊነጋጋ ሲል የማታውን ውጤት እያስገባሁ ሳለ አንድ መስመር ቀይ ሆነ። ሲስተሙ ቀይ የሚያደርገው መሆን የማይችል ነገር ሲያይ ነው። መስመሩ እንዲህ ይላል። ሁዋን ሶቶ፣ ዋሽንግተን፣ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር፣ ሆም ረን 1። ቀኑ ሜይ 15።

ሜይ 15 ሶቶ የሃሪስበርግ ተጫዋች ነው። ዋሽንግተን ሊገባ አምስት ቀን ይቀረዋል።

አለቃችን ወጣት ነው። ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ፣ ፈጣን፣ ሰው የማይጎዳ ልጅ። ችግሩ ቀይ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ጠራሁትና አሳየሁት።

"ኤረር ነው፤ ሰርዘው" አለኝ።

"ትናንት ማታ የተጫወቱት እኮ ከያንኪስ ጋር ነው። መስመሩም ያንኪስ ይላል። ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም።"

"ሜይ 15 ሃሪስበርግ ነበር ወይስ አልነበረም?"

"ነበር።"

"ታዲያ በምን ሄዶ መታ? በሕልሙ?"

መልስ አልነበረኝም። መስመሩን ለብቻው ገልብጬ አስቀመጥኩ። እሱ ከሰንጠረዡ ሰረዘውና ሪፖርቱ ሄደ።

ሁለት ሰዓት አካባቢ የመጀመሪያው ስልክ ተደወለ። ካርድ ሰብሳቢ ነው። ትናንት ስታዲየም ነበርኩ ይላል። "ኳሷ ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ። የት አደረሳችኋት?" አለቃዬ ስለ ኤረር ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። ሌላ ተደወለ። ሌላም። አንዱማ የከፈልኩትን መልሱልኝ እስከማለት ደረሰ።

አዛውንቱ ቡናቸውን ይዘው የገቡት በዚህ መሀል ነው። ኮታቸውን ሳያወልቁ የገለበጥኩትን መስመር አነበቡ። ከዚያ አለቃዬን፣ "ሜይ 15 ማታ ዝናብ ነበር፤ ታስታውሳለህ?" አሉት።

ለካ ሜይ 15 ዋሽንግተንና ያንኪስ ዋሽንግተን ላይ እየተጫወቱ ነበር። 3 ለ 3 እንደሆኑ፣ ስድስተኛው ዙር መሀል ላይ ዝናቡ መጣ። ቤዝቦል ላይ እንዲህ የተቋረጠ ጨዋታ ከዜሮ አይጀመርም። ሌላ ቀን፣ ከቆመበት ነጥብና ከቆመበት ዙር ይቀጥላል። ይሄኛው የቀጠለው ከወር በኋላ ጁን 18 ነው። በዚህ መሀል ቡድኑን የተቀላቀለ ተጫዋች ተቀይሮ መግባት ይችላል። ሶቶም በሌላ ሰው ተራ ገብቶ የያንኪሱን ኳስ ወርዋሪ ቻድ ግሪንን ሁለት ነጥብ ያመጣ ሆም ረን መታው። ዋሽንግተን 5 ለ 3 አሸነፈ። መዝገቡ ግን ጨዋታውን የሚያውቀው በተጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ ሆም ረኑ የሜይ 15 ሆኖ ተጻፈ። ልጁ ለዋሽንግተን መጀመሪያ የተጫወተበት ቀን ደግሞ ሜይ 20 እንደሆነ ቀረ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አለቃዬ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "እንዲህ ዓይነት ሕግ ማን አወጣ?" አለ።

"ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም" አሉት።

የማስተካከያ ሪፖርት ላክን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልጻፍኩት ነበር። አዛውንቱ ግን አንዴ ከጀመሩ አይለቁም። "እስከ ዛሬ ቀይ ብላችሁ የሰረዛችሁትን ሁሉ አምጡልኝ" አሉ። ደግነቱ ሲስተሙ የተሰረዘውንም ያስቀምጥ ነበር። አወጣንላቸው። እርሳሳቸውን ይዘው ጥጋቸው ላይ ተቀመጡ።

አንዳንዱ እውነትም ቆሻሻ ነበር። አንዳንዱ ግን የሰው ሥራ ነው። ከ30 በላይ የሆነ ሰው ከታዳጊዎች ጋር ተጫወተ ስለሚል የተሰረዘ መስመር አለ። ሰውዬው ከጉዳት የሚያገግም የዋናው ቡድን ተጫዋች ነው። እንዲህ ያሉት ከመመለሳቸው በፊት ታች ወርደው ጥቂት ቀን ይሟሟቃሉ። የእሱ መስመር ሲሰረዝ፣ እሱ ኳሱን የመታበት ምስኪን ወርዋሪ ልጅ ግን እንደተመታ ቀርቷል። የስም ነገርማ አይወራም። በዚያ ዓመት ሄገርስታውንና ፖቶማክ የተጫወተ ሉዊስ ጋርሲያ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነበረን። ፊላደልፊያ ደግሞ ሉዊስ ጋርሲያ የሚባል ጎልማሳ ኳስ ወርዋሪ ነበራት። ሲስተሙ የአንዱን ለአንዱ ሲሰጥ፣ እኛ ደግሞ ስንሰርዝ ከርመናል። እዚህ ላይ በኋላ የመጣ አንድ ጉድ ልጨምር። ማክስ መንሲ የሚባሉ ሁለት ተጫዋቾች አሉ። ሁለቱም የተወለዱት ኦገስት 25 ነው፤ አንዱ በ1990፣ አንዱ በ2002። ሁለቱንም መጀመሪያ ያስፈረማቸው ኦክላንድ አትሌቲክስ ነው። ይሄን ያየ ሲስተም ቀይ ቢሆን ይፈረድበታል?

ከሰረዝናቸው መሀል ሳይሆን ከነበሩት መስመሮች አንዱ ደግሞ አዛውንቱን ከነከናቸው። ፖቶማክ ያለ ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ስሙን ልተወው። ሰንጠረዛችን "እየወረደ ነው" ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ይቀጠቀጥ ነበርና። "ነገ ማታ ውድብሪጅ ነው የሚጫወተው፤ ሄደን እንየው" አሉኝ።

ስታዲየሙ ያረጀ ነበር። አግዳሚው ብረት ነበር፤ ማታ ማታ ይቀዘቅዛል። ከመቺው ጀርባ ተቀመጥን። አዛውንቱ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ልጁ በወረወረ ቁጥር አንድ ምልክት ያደርጋሉ። ለፈጣኗ ኳስ ሰረዝ፣ ለቼንጅአፕ ክብ። ቼንጅአፕ ማለት ክንዱ እንደ ፈጣኗ እየመጣ ኳሷ ግን የምትዘገይበት ውርወራ ነው። መቺው ቀድሞ ያወዛውዛል። በደንብ ካልተወረወረች ግን ለመቺው ግብዣ ናት።

ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ገጹ ክብ በክብ ሆነ። ማንኛውም ወርዋሪ ፈጣኗን በሚመርጥበት ቦታ ላይ እንኳ ልጁ ቼንጅአፕ ነው የሚወረውረው። አንዷን መቺው አጥሩ ጋ አደረሳት። ሰው ጮኸ። እኔ ያየሁት ግን አሠልጣኙን ነው፤ ከተቀመጠበት ተነስቶ ለተመታው ልጅ አጨበጨበለት።

"ታዞ ነው" አሉኝ አዛውንቱ። "ፈጣኗ ኳሱ እዚህ ደረጃ ላይ ሁሉንም ታስወጣለች። ሁለት ደረጃ ከፍ ሲል ግን ብቻዋን አታዋጣም። ስለዚህ ዘንድሮ ቼንጅአፕ እየወረወርክ ተመታ ተብሏል። ትላልቆቹ ቡድኖች እዚህ ውጤት ለማሸነፍ አይደለም የሚያመጧቸው።"

"ይሄ ሰንጠረዡ ላይ የት ይገባል?" አልኳቸው።

"እሱን አለቃህን ጠይቀው።"

ጠየቅኩት። በማግስቱ ቀን ሲያጉረመርም ቆይቶ አንድ ዓምድ ጨመረ። "ለምን" ይላል። ቀይ መስመር መሰረዝ የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ሳይጽፍ ሲስተሙ አያሳልፈውም። "ኤረር" ብቻ ብሎ መጻፍም አይቻልም፤ ቃሏን ራሱ ዘጋት። ሌሊቱ በእርግጥ ረዘመብን። ድሮ በአንድ ጠቅታ የሚያልቀውን አሁን ሦስት ቦታ እየዞርን እናጣራለን። የወርዋሪውን ምልክትም አነሳነው። ልጁ የት ደረሰ ለምትሉ፣ ትከሻው ተጎድቶ ቀረ። የእኛም ሰንጠረዥ የአዛውንቱም ደብተር ያንን አላዩትም።

እኔ ያንን ሥራ ከተውኩ ቆየሁ። አለቃዬ ግን አሁንም እዚያው ነው፤ አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። በ2024 ዳኒ ጃንሰን የሚባል ተጫዋች ጁን 26 ለቶሮንቶ ሆኖ ቦስተን ላይ ሊመታ ቆሞ ሳለ ዝናብ ጨዋታውን አቋረጠው። ከወር በኋላ ቶሮንቶ ለዚያው ለቦስተን በሌሎች ተጫዋቾች ለወጠው። ኦገስት 26 ጨዋታው ሲቀጥል በቦስተን ማሊያ ገባ። በዋናው ሊግ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ለሁለቱም ቡድኖች የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያን ቀን ማታ ለአለቃዬ፣ "ሲስተምህ እንዴት ሆነ?" ብዬ ጻፍኩለት።

"ከላይ እስከ ታች ቀይ" አለኝ። "ማንም አልነካውም።"