ከጾሙ ጋር የፈታሁት ጸሎት

ከሦስት ዓመት በፊት ዐቢይ ጾም ሲገባ ለራሴ ትልቅ ቃል ገባሁ። ሰባቱን የጸሎት ሰዓት ልጠብቅ፣ ውዳሴ ማርያም ልደግም፣ የዕለቱን ዳዊት ላደርስ፣ ልሰግድ። ሐዋሳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጊዜውን ከየት እንደማመጣው አላሰብኩበትም፣ ብቻ እግዚአብሔርን በጣም ናፍቄ ነበር።

55ቱን ቀን እንደምንም ተወጣሁት። ፋሲካ መጣ። በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም። እኔ ግን ጾሙን ስፈታ ጸሎቱንም አብሬ ፈታሁት። መጀመሪያ አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ከዚያ ሳምንት። ጰራቅሊጦስ ሲደርስ የጸሎት መጽሐፌ ከጨርቅ ቁራጭ ሥር ተቀብሮ አገኘሁት። አለቀስኩ።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ሥራ ስንት ሰዓት ትጀምሪያለሽ?»

«ሁለት ተኩል፣ አባቴ።»

«ምሳስ?»

«ስድስት ሰዓት።»

«እንግዲያው ከሥራ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ላይና ስትተኚ አባታችን ሆይ በይ። ቀስ ብለሽ። እኔ ሳልነግርሽ አንዲት ነገር እንዳትጨምሪ።»

አነሰብኝ። ነቢዩ ዳዊት በ118ኛው መዝሙር በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ይላል፤ እኔ ሦስት? ግን ታዘዝኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳለሁ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ይቆያል። ወደ ምሥራቅ እዞራለሁ። በሱቄ ምሥራቁ ያላለቁ ቀሚሶች የተሰቀሉበት ግድግዳ ነው። ወንጌሉ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ላይ ጨለማ ሆነ ይላል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከዚያው ጋር ይገጥማል፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ሰዓት ስድስትን ሲነካ ጌታ በመስቀል ላይ የነበረበት ሰዓት ነው። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ቀትር እንደ ድሮው የምሳ ሰዓት ብቻ አልሆነልኝም። ደንበኛ ካለ በልቤ እላለሁ።

ስልኬ ላይም ማንቂያ ሞልቼ ነበር። አልጠቀመኝም፤ እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ እያጠፋሁት እቀጥላለሁ። ጸሎቱ የጸናልኝ በፊትም ከማቆምበት ሰዓት ጋር ሳስረው ነው።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ቀስ ብዬ ስጸልይ አንድ ቦታ ላይ እቆም ጀመር። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል።» ከጎረቤቴ ጋር አንድ የውሃ ቆጣሪ እንጋራለን። በሒሳብ ተጣልተን ሰባት ወር አልተነጋገርንም። በዚያ ሁሉ ጾም መቁጠሪያ ይዤ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ፤ በር ላይ ስንገናኝ ደግሞ ፊቴን አዞራለሁ። በብዛቱ ውስጥ ያ ቃል ሳይነካኝ ያልፍ ነበር። አንድ ጸሎት ብቻ ሲቀረኝ መደበቂያ አጣሁ። አንዳንድ ቀን «ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ይለኝ ነበር።

የሐምሌ 19 ዕለት ገብርኤል ደጅ ነበርኩ። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ስመለስ ወደ ቤቴ ሳልገባ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እጃቸው ሊጥ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ሌላ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

ዝም ብለው አዩኝና «ግቢ፣ ቡና ላፈላ ነው» አሉ። ያ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ማንሳቱንም ትተነዋል።

ዓመት ሲሞላኝ ንስሐ አባቴ ዳዊት ጨመሩልኝ። መዝሙሩ ለየቀኑ የተከፈለ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። እኔ ከዕለቱ ክፍል አንድ መዝሙር ብቻ፣ በአማርኛ አነባለሁ። ግእዙ ደስ ይለኛል፣ ግን ምን እንደምል ማወቅ ነበረብኝ። ማታ ላይ ልጆቼም አብረውኝ ይቆማሉ፤ ትንሹ ጧፉን ካልያዝኩ ይላል። እሱ የሚችለው አንድ አባታችን ሆይ ነው፣ እኛም በእሱ ፍጥነት እንሄዳለን። እንዲህ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ መጠኑን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ወስኑ። እኔ ብቻዬን ስወስን ያየሁትን ነግሬያችኋለሁ።

አብራኝ የምትሰፋው ልጅ ፕሮቴስታንት ናት። መጀመሪያ እኔ ስቆም እሷ መስፋቷን ትቀጥል ነበር። አንድ ቀን የእሷም የስፌት መኪና ጸጥ ሲል ሰማሁ። ዞር ስል ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምንም አልተባባልንም። አሁን ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም መኪናዎች ይቆማሉ፤ ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይሰማል።