«የስንት ባች ነህ?»፦ የባቾቼን ዝርዝር እንዴት እንዳሰባሰብኩ

ግቢ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ፣ የገባነው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ኢንጂነሪንግ። ከተመረቅን ቆየት ስላልን እንገናኝ ተባለ። ዝርዝሩን የማዘጋጀቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ስልክ መልቀሙ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማን ባች (በአንድ ዓመት አብሮን የገባ) ነው፣ ማን አይደለም የሚለው ነው።

ሃይስኩል ቢሆን «የክፍሌ ልጅ ነው» ትላለህ፣ አለቀ። ግቢ ግን ሌላ ነው። ባችህ ጓደኛህ መሆን የለበትም። አምስት ዓመት ሙሉ ከአንገት ሰላምታ ያላለፋችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ግን በፈተና ሰሞን እኩለ ሌሊት ላይ የዶርሙን በር አንኳኩተህ «ሃንድአውቱ አለህ?» ብትለው አይገርመውም። ሲኒየርን እንደዚህ አትደፍረውም፣ ፍሬሽ ደግሞ ሃንድአውቱ የለውም። ለእኔ ባች ማለት ይሄ ነው፤ ሳትቀራረበው የምትጠይቀው ሰው። ቃሉ ለስብስቡም ለሰውዬውም ይሆናል። «ባቻችን ፎርፎ ያውቃል» ሲባል ሁላችንም ነን፤ «ባቼ ናት» ሲባል አንዷ ናት።

ዝርዝሩን የጀመርኩት ከዶርም ነው። ያኔ ዶርም የሚደለደለው በስም ተራ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ ፊደል። የእኛ ክፍል በ«ኤ» የሚጀምሩ ስሞች ታጭቀውበት ነበር። አብርሃም ስለበዛ አንዱን በአያቱ ስም ነበር የምንጠራው። ይሄ ለዝርዝር ሥራ ትልቅ ውለታ ሆነ። አንዱ «ከኔ ቀጥሎ እከሌ ነበር» ይላል፣ እከሌ ደግሞ ቀጣዩን ያስታውሳል። ሴቶቹንም ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ እኛ ሀገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትቀይርም። ያስቸገሩኝ በቅጽል ስም ብቻ የሚታወቁት ናቸው። «ቀለሜው» የሚባለውን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል፣ የአባቱን ስም ግን ማንም።

በቴሌግራም ስጽፍላቸው መጀመሪያ «መቼ ተመረቅክ?» እያልኩ ነበር፤ ቶሎ ወደ «የስንት ገቢ ነህ?» ቀየርኩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ አምስት ዓመት ተምረን በ2008 ወጣን። አብረውን ገብተው ሶስት ዓመት የተማሩት በ2006 ወጥተዋል። የመግቢያ ዓመት ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከዚያ በኋላ የገቡት ይብሳሉ። ከ2012 ጀምሮ ሁሉም የጋራ ኮርስ የሚማርበት የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ግቢዎች ተዘጉና ተማሪው ወደየቤቱ ተላከ። የእነሱን ዝርዝር የሚሠራ ሰው እግዜር ይርዳው።

ከሁሉም ረጅሙ የስልክ ወሬዬ ከአንዲት ልጅ ጋር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ታማ ዊዝድሮው ሞላች (ትምህርቷን ለጊዜው አቋረጠች)፣ በዓመቱ ተመልሳ ከታች ካሉት ጋር ጨረሰች።

«ከየትኛው ባች ልጻፍሽ?» አልኳት።

«ከሁለቱም። ከናንተ ጋር ተራብኩ፣ ከነሱ ጋር ተመረቅኩ» ብላ ሳቀች።

ጻፍኳት። ዲስሚሳል ደርሶባቸው፣ ማለትም በውጤት ተባረው፣ በሪአድሚሽን (በድጋሚ ቅበላ) የተመለሱትንም እንደዚያው። አንዳንዶቹ ግን ራሳቸው «እኔ የናንተ አይደለሁም» አሉ። አልተከራከርኩም። ስማችሁ ይግባ ወይ ብሎ መጠየቁ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ማስገባትም መተውም ያስቀይማል።

በነገራችን ላይ የቆሎ ተማሪ ይሄ ጣጣ የለበትም። የኔታ ዘንድ ጀማሪውም የገፋውም አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል (ያስጠናል)፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። አብሮ የገባ አብሮ ይውጣ የሚል ሕግ ስለሌለ ባች የሚባል ነገርም አይፈጠርም።

አንዱ ባቻችን በውጤቱ ጂኤ (ረዳት አስተማሪ) ሆኖ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ አስተማሪ ነው። ስደውልለት ከጀርባው የተማሪ ድምፅ ይሰማኛል። «አቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ በወፍራም ድምፅ። ባቹ መሆኔን ስነግረው በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ከዚያ «አንተ ወሮበላ!» መጣ። ተማሪ ፊት «መምህር» ነው የምንለው፣ ብቻውን ሲሆን አንተ። ይሄን ማንም አልነገረንም፣ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ዲፓርትመንት ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። የመጀመሪያውን ዓመት አብረን ተምረን ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል እየተባለ የተለያየነው። ሲቪሎቹ ለብቻቸው መገናኘት ይፈልጋሉ። እኔ ሁሉንም አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገብቼ የመዋጮውን ጉዳይ ለእነሱ ትቻለሁ። ብር የመሰብሰቡን ሥራ ሌላ ባች ይውሰደው።