የታዘዘውና የገባው

በሽተኛው አንጎሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። መዋጥ ስለማይችል የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው። የምግቡን ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ፦ 60 ኪሎ ክብደቱ ለአንድ ኪሎ በ25 ካሎሪ ሲባዛ 1,500 ካሎሪ፣ በቀን 1,500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ምግብ። ቅጹን በሚያምር ጽሕፈት ሞልቼ በየማለዳው እፈርምበታለሁ።

በጠዋቱ ጉብኝት ስፔሻሊስቱ የላቦራቶሪውን ውጤት፣ አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን መጠን፣ አነሣ። «አልቡሚኑ ወደ 2.4 ወርዷል። ምግብህ የት ነው የሚገባው?» አለኝ፣ ተለማማጅ ሐኪሞቹ እየሰሙ።

መልሱን አላጣሁትም። አልቡሚን ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በስድስት ቀን እንዲህ የሚያወርደው ብግነት እንጂ ረሃብ አይደለም። ዝም አለ። ያን ዝምታውን ቀኑን ሙሉ እንደ ከረሜላ ስመጠው ዋልሁ።

ማታ ልወጣ ስል የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ጠራችኝ። በዕድሜ እናቴን ታህላለች።

«አንተ ልጅ፣ የምትመግበው ሰውየውን ነው ወይስ ወረቀቱን?»

ስለ አልቡሚን ማስረዳት ጀመርሁ።

«አልቡሚን አልጠየቅሁህም። የምግቡ ፓምፕ ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

የ24 ሰዓቱ ድምር 640 ሚሊ ሊትር ይላል። የቱቦው መጋጠሚያ ላይ የደረቀ ምግብ ቢጫ ሆኖ ተጋግሯል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን ከምግቡ ጋር ሲገናኝ በደንብ ስለማይመጠጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሰጥ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ሰዓት ምግቡ ይዘጋል፤ ብቻውን ስምንት ሰዓት በላ። ለሲቲ ስካን ይዘጋል፣ ሲያስመልሰው ይዘጋል፣ ቱቦው ሲወጣ ራጅ እስኪነሣ ይዘጋል። መዝጋቱን ሁሉም ያውቅበታል፤ ያመለጠውን የሚያካክስ ግን አልነበረም። እኔም «የተሰጠ» በሚለው ዓምድ ሥር 1,500ን ከትናንቱ እየገለበጥሁ ነበር።

ለቀናት የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ መሙላት ፎስፌት የሚባለውን የደሙን ማዕድን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ስለሚችል መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልግ ነበር። ፌኒቶይኑም በደም ሥር ቢሰጥ ይሻል ነበር፤ ለሁሉም ፊርማ የምለምነው ያንኑ ስፔሻሊስት ነው።

«በረሃብ አይደለም ብለኸኝ አልነበር?» አለ በማግስቱ።

«አልቡሚኑ አሁንም በረሃብ አይደለም» አልሁ።

ፈረመልኝ። ብዕሬን ግን አልመለሰልኝም።